ፈረስ ለሚጋልቡ ልጆች ስለሚያስፈልገው ትምህርት

ማናቸውም ሥራ የራሱ ትምህርትና የራሱ ደረጃ አለው። ለክህነት የታሰበ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት አይዝም፤ ዳዊት ሳይደግም ወደ ዜማ ቤት አይገባም፤ ጾመ ድጓውን ሳያደርስ ወደ ድጓው አይሻገርም። አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር በአታ የሚመጣው ደቀ መዝሙርም ዜማውን አስቀድሞ በሌላ ጉባኤ ያደላደለ ነው። መምህሩ ተማሪውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳልፈው አስቀጽሎና ፈትኖ ነው እንጂ፥ የአባቱን ስም ወይም የልጁን ድፍረት አይቶ አይደለም። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚደረገው ተማሪው ቢሳሳት አጥንት በማይሰበርበት ሥራ ነው። የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ግን በበዓል ቀን በማያውቀው ፈረስ ላይ ተቀምጦ፥ «ጋማውን ያዝ፥ አትፍራ» ተብሎ በእልልታና በጩኸት መካከል ሲለቀቅ፥ ማን አስተማረው፥ ማንስ ፈተነው ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ከደባርቅ ወደ ትግራይ የሚወርደው መንገድ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ የሚደርስባት ዛሪማ፥ ከበላይዋም ያሉት የስሜን ደጋዎች፥ እንስሳ መጋለብ ለብዙ ልጅ ከከብት ጥበቃ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር የሆነባቸው አገሮች ናቸው። ለእነዚህ ልጆች በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ የፈረስ ግልቢያና የእሽቅድምድም ማሠልጠኛ ሰፈር ቢዘጋጅላቸው እጅግ የተገባ ሥራ ይሆናል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ አሳብ በመሥሪያ ቤት ሲነሣ፥ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው የውድድሩ ቀን፥ የክብር እንግዶቹ ድንኳንና የሽልማቱ ዋንጫ ነው፤ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ፥ ያውም ቀኑ ሲደርስ በችኮላ የሚደረግ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሰፈሩ የልጆች ትምህርት ቤት መሆኑ ይቀርና የትርኢት ማሰናጃ ይሆናል። የዚህም ዋጋ የሚከፈለው በልጅ አጥንትና በፈረስ ሕይወት ነው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ፈረስ ያለ ሹም አልኖረም። በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ፥ ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም. የነገሡት የአጼ በካፋ የፈረስ ጋጥ የተባለው ረጅም ሕንፃ ዛሬም ይታያል። በፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውም ጕልላት ያላት ትንሽ ሕንፃ ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ተብሎ በትውፊት ይነገራል። የቤተ መንግሥት ፈረስና በቅሎ ኃላፊ የነበረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙ በአዲስ አበባ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቀርቷል። ነገሥታቱና መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አጼ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፥ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። የፊተኞቹ ሁለቱ ከመንገሣቸው በፊት ሁለቱም ካሣ ስለ ነበሩ፥ አንዱን ካሣ ከሌላው ካሣ የለየው የፈረሱ ስም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አባ ታጠቅ ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ምድርም ይኸው ስሜን ነው።

ሕፃን ሁሉ ደግሞ ፈረስን በክብር ተሥሎ የሚያየው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በአምባላይ፥ ቅዱስ መርቆሬዎስን በጥቁር ፈረስ። እንግዲህ የልጆቹ ፍቅር ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አያስፈልግም። የጐደለው ባልደራሱ ነው።

በእንግሊዝና በአየርላንድ ልጆች የሚሽቀዳደሙት ድንክ ፈረስ በሚባለው፥ ቁመቱ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ148 ሴንቲ ሜትር በማይበልጠው ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የኢትዮጵያ ፈረስ አብዛኛው ድንክ ነው ማለት ነው፤ ወደ ሁለት ሚሊዮን ከሚደርሱት የአገሪቱ ፈረሶች መካከል የሰላሌው በግዝፈቱ የታወቀ ሲሆን የሰሜኑ ደጋ ፈረስ ግን አጭር፥ ደረቱ የጠበበ፥ እግሩ የጠና፥ በጥቂት መኖ የሚያድር ፍጥረት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ለዳገትና ለቀጭን አየር የተስማማ ነው። ነገር ግን ስለ ፈረስ ጤና የሚያውቁ ሰዎች፥ ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አምስተኛ እጅ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የስሜኑ ፈረስ 300 ኪሎ ይመዝናል ተብሎ በልግስና ቢገመት እንኳ፥ አምስተኛ እጁ 60 ኪሎ ነው፤ ጎልማሳ ሰው ከነኮርቻውና ከነግላሱ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ማሸነፍ የሚሻ የፈረስ ባለቤት ቀላል ጋላቢ ይፈልጋል፥ ቀላሉም ልጅ ነው።

ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ልጁ የተመረጠው ስለሚያውቅ ሳይሆን ስለሚቀል ነው። ክብደት የጐደለው ልጅ ጕልበትም ይጐድለዋል፤ የሚሸሸውን ፈረስ በክንዱ ሊያቆመው አይችልም፥ ሊያቆመው የሚችለው በትምህርት ብቻ ነው። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚያስፈልገው ጋላቢ፥ ከሁሉ ይልቅ ሳይማር የሚሰቀለው ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

የአገሩ የፈረስ ዕቃም ለዐዋቂ እጅ የተበጀ ነው። የጥንቱ ልጓም በፈረሱ ታችኛ መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት አለው፤ ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ይጨብጠዋል። ጕግስ የሚጫወት ሰው አንድ እጁ በዘንግ ሌላው በጋሻ ስለሚያዝበት፥ ፈረሱን በጥቂት ምልክት ማቆምና ማዞር ነበረበት፤ ልጓሙም የተሠራው ለዚያ ነው፤ ልምድ ያለው ፈረሰኛ በሁለት ጣት ይይዘዋል። ልጅ ግን በፈራ ጊዜ የሚንጠለጠለው በዛቡ ላይ ነው። ዛቡን ሲጐትት ፈረሱ ያመዋል፤ ከሕመሙ ለመሸሽ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፥ ወይም በኋላ እግሩ ይቆማል፤ ልጁም ወደ ኋላ ይወድቃል። ከዚህም በኋላ ፈረሱ ክፉ ነው ይባልና ይገረፋል። የፈረሱ አፍ ቢታይ የደም ምልክት ይገኝበታል፤ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

እርካቡም እንደዚሁ ነው። የጥንት ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ ስለ ነበር፥ እርካቡ አውራ ጣትን ብቻ የሚያስገባ ትንሽ ቀለበት ነበር፤ በገጠር ዛሬም ያልጠፋ ነው። ሚዛኑን የለመደ ሰው በዚህ ቀለበት በሚያስደንቅ ሁኔታ ይቆማል። ያልለመደ ልጅ ቢወድቅ ግን ጣቱ እንደ ተያዘ ሊጐተት ይችላል። ሰፊውን እርካብ በላስቲክ ጫማ የሚረግጥ ልጅም እግሩ ተሻግሮ ይገባበትና ያው ይሆናል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ የተፈለገው ለጌጥ ሳይሆን እግር እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ ለሰፈሩ የሚመደበው ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት ለለዘበ ልጓም፥ ለሰፊ እርካብ፥ ተረከዝ ላለው ጫማና ለራስ ቁር ነው። የራስ ቁር ሲባል የጥንት ጦረኛ ትጥቅ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ለፈረስ ግልቢያ የተሠራ፥ ከአገጭ በታች የሚታሠር ቀላል ቁር አለ፤ አንድ ዋንጫ በሚገዛበት ገንዘብ ከአንድ በላይ ልጅ ራሱን ሊሸፍንበት ይችላል።

አሁን ስለ ቦታው መናገር ይገባል፤ በዚህ የተሳሳተ እንደ ሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ዛሪማ ቆላ ናት። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ የሚወርድ መንገደኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጋቢውን ከላይ ለብሶ ቢነሣ ከታች ሲደርስ ያወልቀዋል። በስምዋ የሚጠራው ወንዝ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ሜዳው ለግልቢያ ይመቻል፥ መኪናም ይደርስበታል፤ ስለዚህ ካርታ ብቻ የሚያይ ሹም ሰፈሩን በዚያ ሊተክለው ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ለሰው ወባ እንዳለበት ሁሉ ለፈረስም የቆላ ሞት አለበት። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለው ሕመም ከዓይን በላይ ያለውን ጕድጓድ ያሳብጣል፥ ሳንባን በውኃ ይሞላል፥ ከአፍንጫ አረፋ ያወጣል፤ በበረታ ጊዜ ከ100 ፈረስ እስከ 95 ሊገድል ይችላል፤ በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ትቋቋመዋለች፥ አህያ ግን እምብዛም አይሞትበትም። ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም፤ የሚያመላልሰው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ተናካሽ ዝንብ ነው፥ እርሱም ከፀሓይ ግባት እስከ ንጋት ይበራል። የሚበዛውም ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ገና እርጥብ ሳለ፥ ከመስከረም አንሥቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። የደጋ ፈረስ በእነዚህ ወራት ወደ ቆላ ወርዶ አንድ ሌሊት ቢያድር፥ ሲመለስ ጤነኛ መስሎ ይመለስና ከጥቂት ቀን በኋላ በጋጡ ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ባለቤቱም የሰው ዓይን ነው ይላል።

የጥንት ሰዎች የበሽታውን መንገድ ሳያውቁ ሕጉን ያውቁት ነበር፤ ወደ ቆላ ሲወርዱ በበቅሎ ይወርዱ ነበርና። በቢሾፍቱ ለዚህ በሽታ የሚሆን ክትባት ይሠራል፤ ቢሆንም ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ሳምንታት ይፈልጋል፥ የበሽታው ዓይነትም ብዙ ስለ ሆነ በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። እንግዲህ ፈረሱ ወደ ልጁ ከሚወርድ ልጁ ወደ ፈረሱ ቢወጣ ይሻላል። የዛሪማ ልጆች በመኪና ወደ ደባርቅ ወጥተው ከደጋው ልጆች ጋር በአንድ ሰፈር ይማሩ። የቆላ ልጅ የደባርቅን ሌሊት አያውቀውምና ብርድ ልብስ ይዘጋጅለት፤ ሲደርስም በሐኪም ይታይ፥ ወባውን ይዞ ወጥቶ በኮርቻ ላይ እንዳይንቀጠቀጥ። ይህ ጥቃቅን ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ልጆችን በሰፈር አሳድሮ የማያውቅ ነው።

ጊዜውም ከጥምቀት በፊት ሊሆን አይገባም። ብዙ ሰው ከጥምቀት በፊት ይሁን ማለቱ አይቀርም፤ ለምን ቢባል የተማሩት በበዓሉ እንዲታዩ ነው። ነገር ግን ልክ በዚሁ ምክንያት ከጥምቀት በኋላ መሆን ይገባዋል። ጥር 11 ቀን ከፊቱ የተደቀነበት አሠልጣኝ በእርምጃ ላይ ሊያቆየው የሚገባውን ልጅ ወደ ሽምጥ ያቻኵለዋል። ከጥምቀት በኋላ፥ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ መካከል በሚያርፉባቸው ቀናት፥ አዝመራው ገብቶ የገብስ ገለባ በሚገኝበት ጊዜ ቢሆን፥ ምድሩ ደረቅ ነው፥ ዝንቡም አንሷል፥ የሚያስቸኵል በዓልም የለም።

የትምህርቱ ሥርዓት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የዜማ ቤቱን ሥርዓት የሚመስል ቢሆን ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ፈረስ ላይ አይወጣም፤ መቀለብ፥ ውኃ ማጠጣት፥ ጀርባ መጥረግ፥ ኮቴ ማንሣትና ድንጋይ ማውጣት ይማራል። ኮርቻ የከፋው ፈረስ ጀርባው የሚቈስልበትን ቦታ በጣቱ ይዳስሳል። ከዚያ ፈረሱ በገመድ ተይዞ እየዞረ፥ ልጁ ዛብ ሳይጨብጥ በሚዛን መቀመጥን ይለምዳል፤ ይህም የፈረሱን አፍ ከልጁ ፍርሃት ያድነዋል። መውደቅንም ይማራል፤ በገለባ ክምር ላይ እየተንከባለለ። ከዚህ በኋላ እርምጃ፥ ሶምሶማ፥ ደንገላሳ፥ በመጨረሻ ሽምጥ። ፈረሱን በመስመር ሳያቆም በሽምጥ የሚለቀቅ አይኑር። የሚፈትነውም የፈረሱ ባለቤት ወይም የልጁ አባት አይሁን፤ ዳኛ በራሱ ጉዳይ እንደማይፈርድ ሁሉ። ሴት ልጅም ከዚህ ትምህርት የምትከለከልበት ምክንያት አይታይም፤ ፈረስ የሚለየው የጋላቢውን እጅና ክብደት ነውና።

ፈረሱም የራሱ ፈተና አለው። ዐምስት ዓመት ያልሞላው ውርንጭላ አጥንቱ ገና ያልጠና ስለ ሆነ ለሽምጥ አይቅረብ፤ ዕድሜው በጥርሱ ይታይ፤ የሚያነክስ፥ ጀርባው የቈሰለ፥ ኮቴው የተሰነጠቀ ይመለስ። ለዚህ የሚሆን ዐዋቂ ሩቅ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ተማሪዎቹ በሰፈሩ ጥቂት ሳምንት ቢያገለግሉ እነርሱም ይማራሉ። በደባርቅም ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚመጡ ጎብኚዎች በቅሎና ፈረስ የሚያከራዩና የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ የእንስሳውን ጠባይ ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ያውቁታል። ከእነርሱ መካከል ጠባየ መልካም የሆኑት ተመርጠው ደመወዝ ተቈርጦላቸው ረዳት አሠልጣኝ ቢሆኑ፥ ባልደራስነት ስሙ ብቻ ሳይሆን ሥራውም ይመለሳል።

የውጭውን ዓለም ልምድ መመልከትም ይጠቅማል፤ የሚኰረጀውም የሚሸሸውም በዚያ አለና። በእንግሊዝ አገር ለልጆች ግልቢያ የሚያስተምረው የድንክ ፈረስ ማኅበር በ1922 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያ አገር የድንክ ፈረስ እሽቅድምድም የሚጋልቡት ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፤ ፈረሶቹም በቁመት ተለይተው፥ እስከ 138 ሴንቲ ሜትር ያሉት በአንድ ወገን፥ እስከ 148 ያሉት በሌላ ወገን ይሮጣሉ። ከልጆቹ ብዙዎች በኋላ በታላላቁ ፈረስ ላይ እንጀራቸውን ያገኛሉ። በሞንጎልያ ደግሞ ናዳም በሚባለው በዓል ልጆች በሰፊ ሜዳ ላይ እስከ 30 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ይጋልባሉ፤ ልማዱ ከኢትዮጵያ ልማድ ጋር ይቀራረባል፥ ልጅ ከአባቱ የሚማርበት፥ ሕዝብ ሁሉ የሚኰራበት ነውና። ቢሆንም የዚያ አገር መንግሥት በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይወዳደር ከልክሏል፤ 7 ዓመትም ቢሆን እጅግ ትንሽ ነው የሚል ክርክር በዚያው አገር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ሁለተኛው ምሳሌ ግን የሚያስፈራ ነው። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለግመል እሽቅድምድም ቀላል ጋላቢ በመፈለጋቸው፥ ከሱዳን፥ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ ድረስ ሕፃናት ይወሰዱ ነበር፤ እንዳይከብዱም ምግብ ይቀነስባቸው ነበር። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ1997 ዓ.ም. ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይጋልብ በሕግ ከለከለች፤ ልጆቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዛሬ በግመሎቹ ጀርባ ላይ የሚታየው ከሩቅ የሚታዘዝ ትንሽ መኪና ነው። ይህ ሁሉ የጀመረው «ቀላል ጋላቢ ይፈለጋል» በሚል አንድ አሳብ ነው። በስሜን እንዲህ ያለ ነገር አልተሠራም፤ ግን ሽልማቱ እየበዛ፥ ውርርድም እየገባ ሲሄድ፥ የራብተኛ ቤት ልጅ ለሌላ ሰው ፈረስ የሚከራይበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

የአገሪቱ ሕግ ለዚህ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጐዳ ሥራ እንዲጠበቁ ያዝዛል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ከልክሏል። በገንዘብ የሚጋልብ ልጅ የተቀጠረ ልጅ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ የሚማር ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሽልማቱ መጽሐፍ፥ ጫማ፥ ወይም የፈረስ ዕቃ ይሁን፤ ገንዘብ ለልጁም ለባለ ፈረሱም አይሰጥ። ወረዳዎቹ ይህን በጽሑፍ ሊያጸኑት ይችላሉ፥ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያሻቸውም።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አንደኛው፥ አባቶች ያለ ሰፈርና ያለ ቁር ጋልበው አድዋን ድል አድርገዋል የሚል ነው። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የዘመተው ፈረሰኛ ግን በአንድ ቀን የተሰቀለ አልነበረም፤ በየጌታው ቤት፥ በየሰፈሩ ዓመታት ሙሉ በጕግስ የሠለጠነ ነበር። ያ የመኳንንት ቤት ዛሬ የለም፤ ልጆቹን የሚያሠለጥነው ቤት ከጠፋ በኋላ ልማዱን ብቻ መቀጠል አባቶችን መምሰል አይደለም። ሁለተኛው፥ መኪና በበዛበት ዘመን ፈረስ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ ጥቂት ቢጓዝ መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ እህሉ ወደ ገበያ፥ ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በእንስሳ ጀርባ ወይም በሰው ትከሻ ነው።

ሥራው እንዲጸና የሕዝብ ማኅበር ያስፈልገዋል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ የሚነገርለት፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በእንጅባራ ፈረሰኞቹን ያሰልፋል፤ በኀዘንና በደስታም አባሎቹን ያገለግላል። መንግሥት የሚያዝዘው ሳይሆን ሕዝቡ የያዘው ነገር እንዲህ ይኖራል። የስሜንና የዛሪማ ሰዎች ከእርሱ ሄደው ሊማሩ ይችላሉ፤ ያን ያህል ሕዝብ ያለ ብዙ ሁከት እንዴት እንደሚያሰልፍ ማየት ብቻ ትምህርት ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ላይ ሥልጣን አላቸው፤ ብዙው ግልቢያ የሚደረገው በታቦት በዓል ነውና። ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ ሕዝቡ በከበበበት ቦታ ፈረስ በሽምጥ መልቀቅ የሚያመጣውን አደጋ ከነርሱ በላይ የሚያውቀው የለም። የደብሩ አለቃ ከበዓሉ አስቀድሞ ባለው እሑድ፥ ያልተፈተነ ልጅ ፈረስ ላይ እንዳይወጣ፥ ጕግሱም ከሕዝቡ ርቆ በታጠረ ሜዳ እንዲሆን በዐውደ ምሕረት ቢያስታውቁ፥ ከወረዳው ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። ፖሊስ ልጁን ከፈረስ ቢያወርደው አባቱ ይቈጣል፤ የነፍስ አባቱ ቢከለክሉት ግን እሺ ይላል።

ሰላሙም መታሰብ አለበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በአዲ አርቃይ፥ በዛሪማና በደባርቅ በኩል በደረሰ ጊዜ ብዙ ልጆች ከቤታቸውና ከትምህርታቸው ተለይተዋል፤ የእነዚህ ልጆች ወላጆች ልጃቸውን ሌላ ቦታ ለማሳደር ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም። መንገዱ በማይታመንበት ዓመት ሰፈሩ ይቅር፤ አንድ ዓመት መቅረቱ አያጠፋውም። በሚታመንበት ዓመት ደግሞ ወላጆች በመካከሉ አንድ ቀን መጥተው ልጆቻቸውን እንዲያዩ ይደረግ።

ለመጀመሪያው ዓመት 20 ልጅና 10 ፈረስ ይበቃሉ፤ ሁለት ልጅ አንድ ፈረስ እየተካፈለ፥ አንዱ ሲጋልብ ሌላው ልጓም ይዞ እየተመለከተ። በዚያ ዓመት እሽቅድምድም አይኖርም። ፈተናውን ያለፉት በሚመጣው ጥር፥ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ፥ የራስ ቁራቸውን ደፍተው ከሕዝቡ ኋላ በእርምጃ ብቻ ይከተሉ፤ ሽምጡን ለከርሞ ይተዉት።